ስለ አስትሮይዶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ከተማሪዎቼ ጋር ከከተማው መብራት ራቅ እንልና ጋቢያችንን አንጥፈን፣ በጀርባችን ተኝተን ወደ ላይ እናያለን። ስለ ጨረቃ ብዙም አይጠይቁኝም፤ ጥያቄው ሁሉ ስለ አስትሮይድ ነው። ወላጆቻቸውም ያው ናቸው። ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር "መምህር፣ መሬትን ሊመታ ነው የተባለው ድንጋይ እንዴት ሆነ?" ይሉኛል። በየጊዜው በቃል ከምደጋግመው አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው የጻፍኩት። "ዓ.ም." ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስትሮይድ ምንድን ነው?

እንደ መሬት በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር፣ ግን ፕላኔት ለመባል ያልበቃ ዓለት ነው። ትልቋ ሴሬስ ናት፤ ስፋቷ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ2006 ወዲህ "ድንክ ፕላኔት" ተብላም ትጠራለች። ትንንሾቹ ከአንድ ቤት አይበልጡም። እስካሁን ከ1 ሚሊዮን በላይ ተመዝግበዋል። ብዛታቸውን ስትሰሙ ግን ክብደታቸው እንዳያሳስታችሁ፤ በዋናው ቀበቶ ያሉት በሙሉ ተሰብስበው ቢመዘኑ የጨረቃችንን 3 በመቶ ያህል ነው የሚሆኑት። ከዚያም ሲሶው የሴሬስ ድርሻ ነው።

ለተማሪዎቼ በሸክላ ነው የማስረዳቸው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን አቡክታ ጀበናውንና ምጣዱን ከሠራች በኋላ ጥግ ላይ ትንሽ ጭቃ ይተርፋታል። ጀበናው እሳት ገብቶ ወጥቷል፤ ጭቃው መጀመሪያ ምን ዓይነት እንደነበር ከጀበናው ላይ ማወቅ ይከብዳል። ጥግ ላይ የቀረው ግን እንደነበረ አለ። መሬት ጀበናው ናት። ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ስትሠራ ቀልጣለች፤ ብረቷ ወደ መሃሏ ሰምጧል፤ ገጿም ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተገለባብጧል። ከአስትሮይዶች ብዙዎቹ ያ ጥግ ላይ የተረፈው ጥሬ ጭቃ ናቸው። ሁሉም አይደሉም፤ 525 ኪሎ ሜትር የምትሰፋው ቬስታ ለምሳሌ ቀልጣ የረጋች ናት። የሚበዙት ግን መሬታችን ከምን እንደተሠራች የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው። እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝም ይኸው ነው።

ከተወርዋሪ ኮከብና ከጅራታም ኮከብ በምን ይለያል?

ዓለቱ ጠፈር ላይ እስካለ ድረስ አስትሮይድ ነው። ከእሱ ወይም ከጅራታም ኮከብ የተሰበረች ፍርፋሪ ከባቢ አየራችን ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ገብታ ስትጋይ የምናየው ብርሃን ተወርዋሪ ኮከብ ይባላል። ሳይነድ ተርፎ መሬት ላይ ያረፈው ድንጋይ ደግሞ ሜትዮራይት ነው። ጅራታም ኮከብ በረዶ የበዛበት ሌላ አካል ነው፤ ፀሐይን ሲጠጋ በረዶው እየተነነ ጅራት ያወጣል።

ልጆች ሳለን ኮከብ ሲወረወር "ትልቅ ሰው ሞተ" ሲባል ነው ያደግነው። ያቺ ኮከብ ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ፍሬ የማትበልጥ ናት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የበለጠ ነው የምደነቀው።

በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ቦታቸው የት ነው?

አብዛኞቹ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ሰፊ ክፍተት ውስጥ ነው የሚዞሩት፤ ዋናው ቀበቶ የሚባለው ይህ ነው። መሬት ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ቀበቶው ከዚህ ርቀት በግምት ሁለት እጥፍ ላይ ይጀምርና ከሦስት እጥፍ አልፎ ያበቃል። ሌሎች ደግሞ የጁፒተርን ምህዋር ተጋርተው፣ አንዱ መንጋ ከፊቱ ሌላው ከኋላው ሆነው ይጓዛሉ፤ ትሮጃን ይባላሉ። ጥቂቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው በመሬት አቅራቢያ ያልፋሉ። ዜና የሚሆኑት እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው።

የፈነዳ ፕላኔት ስብርባሪ ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። ፕላኔት ሆኖ የፈረሰ ሳይሆን ፕላኔት ሳይሆን የቀረ ነው። አጠገቡ ያለው ጁፒተር በስበቱ እየበጠበጠ ዓለቶቹ ተረጋግተው እንዳይጣበቁ አደረጋቸው፤ ሲገናኙ ከመጣበቅ ይልቅ ይሰባበሩ ጀመር። መጀመሪያ ከነበረው ቁስም አብዛኛው ከአካባቢው ተጠርጎ ወጥቷል።

የጁፒተር እጅ ዛሬም አላረፈም። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ በየተራው በትክክለኛው ሰዓት ገፋ ብታደርጉት ትንሹ ግፊት ተደማምሮ ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ጁፒተር አንዴ ሲዞር ልክ ሦስት ጊዜ የሚዞር አስትሮይድም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚገፋው። ውሎ አድሮ ምህዋሩ ይለጠጥና ከቀበቶው ይወጣል። ስለዚህ ቀበቶው ውስጥ ባዶ መስመሮች አሉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው ዳንኤል ኪርክውድ ነው ያስተዋላቸው። ወደ እኛ አካባቢ የሚመጡት አስትሮይዶችም በአብዛኛው በእነዚህ በሮች የወጡ ናቸው።

ቀበቶው ያን ያህል ከሞላ መንኮራኩሮች እንዴት ሳይጋጩ ያልፋሉ?

ፊልሞቹ እንደሚያሳዩት አይደለም፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን አስትሮይድ በሽምብራ ፍሬ ብንመስለው ቀጣዩ ሽምብራ ያለው በአማካይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። አንዷን ሀዋሳ ፒያሳ ብታስቀምጡ ሁለተኛዋን ለመፈለግ ወደ ቱላ ባጃጅ መያዝ ያስፈልጋችኋል። እስካሁን ቀበቶውን ያቋረጡ መንኮራኩሮች በሙሉ በሰላም አልፈዋል።

መጀመሪያ ያገኛቸው ማን ነው?

ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ጁዜፔ ፒያትሲ፤ ጥር 1 ቀን 1801፣ ሲሲሊ ውስጥ ፓሌርሞ ላይ። የኮከቦችን ቦታ እየመዘገበ ሳለ አንዷ ነጥብ ከቀን ወደ ቀን ስፍራዋን ትቀይርበታለች። ሴሬስ ነበረች። ለጥቂት ሳምንታት ከተከታተላት በኋላ ታመመ፤ ነጥቧም ወደ ፀሐይ ብርሃን ገብታ ጠፋች። ያን ጊዜ የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ከነዚያ ጥቂት ልኬቶች ተነስቶ የት እንደምትወጣ በስሌት ተናገረ። በዓመቱ መጨረሻ ባለው ቦታ ተገኘች። ሒሳብ ምን ያደርግልናል የሚሉኝን ተማሪዎች ሁሌ ይህን ነው የምነግራቸው። "አስትሮይድ" የሚለውን ስም በ1802 ያወጣው ደግሞ ዊሊያም ኸርሸል ነው፤ በግሪክኛ "ኮከብ መሰል" ማለት ነው፤ በቴሌስኮፕ ሲታዩ ነጥብ ብቻ ስለሆኑ።

ድንቅነሽ የሚባል አስትሮይድ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። አሜሪካኖቹ በ2021 ወደ ትሮጃኖቹ የላኳት መንኮራኩር ሉሲ ትባላለች። ስሟን የወሰደችው ሐዳር ላይ በ1974 ከተገኘችው ከኛዋ ሉሲ ነው። የሉሲ አፅም ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ እንደነገረን አስትሮይዶችም ስለ ፕላኔቶች አመጣጥ ይነግሩናል በሚል ነው። በጉዞዋ መጀመሪያ ያገኘቻት አስትሮይድ ትንሽ ነበረች፤ ከቁጥር በቀር ስም አልነበራትም። ድንቅነሽ ተባለች።

ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሉሲ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠግታት አለፈች። የተላከው ፎቶ ሲታይ አንድ ኪሎ ሜትር የማትሞላው ድንቅነሽ የራሷ ጨረቃ ነበራት። ጨረቃዋ ደግሞ እርስ በርስ የተደገፉ ሁለት ዓለቶች ሆና ተገኘች፤ እንዲህ ያለ ጥምር አካል ሌላ አስትሮይድ ሲዞር ሲታይ የመጀመሪያው ነው። እሷንም ሰላም አሏት፤ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ባገኛት ሕፃን ስም። ፎቶውን ክፍል ውስጥ ስለጥፍ ከኋላ ወንበር አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ ሰላም ማለት የኔ ስም ነው!" ብላ ተነስታ ቆመች። የዚያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማርኩም።

ሉሲ በ2017 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ማታ ደግሞ በአፅሙ አግኚ በዶናልድ ጆሃንሰን ስም በተጠራው አስትሮይድ አጠገብ አልፋለች። ትሮጃኖቹ ዘንድ የምትደርሰው በ2027 ነው። ከዚህ ሁሉ በፊትም 1432 ቁጥር የተሰጠው፣ በ1937 ጆሃንስበርግ ላይ የተገኘ አስትሮይድ አለ፤ ስሙ ኢትዮጵያ ነው።

የሀዋሳ ሐይቅ አስትሮይድ ወድቆ የቆፈረው ጉድጓድ ነው?

አይደለም፤ ጥያቄው ግን ብልህ ጥያቄ ነው። ታቦር አናት ላይ ቆማችሁ ዙሪያውን ብትቃኙ ሐይቁም ከተማውም አንድ ሰፊ ሳህን ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። ሳህኑን የሠራው ከታች የመጣ ኃይል ነው። ግዙፍ እሳተ ገሞራ ቅልጥ ዓለቱን ተፍቶ ሲጨርስ ከሥሩ ባዶ ስለቀረ ጣራው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ካልዴራ ይባላል። በሳህኑ ውስጥ ያለው ኮርቤቲ የተባለ እሳተ ገሞራ ዛሬም እንፋሎት ይተነፍሳል። የቢሾፍቱ ሐይቆችም ክብ ቢሆኑም ከሰማይ በወደቀ ነገር የተፈጠሩ አይደሉም፤ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ፍንዳታ የቆፈራቸው ናቸው።

በግጭት የተቆፈረውን ጉድጓድ መለየት ለሊቃውንቱም ቀላል አልነበረም። አሜሪካ አሪዞና ያለው 1.2 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ ለረጅም ጊዜ የእሳተ ገሞራ ነው ሲባል ኖሯል። ክርክሩን የዘጋው ግጭት ብቻ በሚያመጣው ኃይል የተደቆሰ የኳርትዝ ዓይነት እዚያ መገኘቱ ነው።

ጥቁር ድንጋይ አግኝቻለሁ፤ ከሰማይ የወደቀ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ በጋዜጣ የጠቀለለ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ። ከተበላሸ ስፒከር ያወጣነውን ማግኔት በክር አንጠልጥለን አስጠጋንለት፤ ማግኔቱ ንቅንቅ አላለም። ቀጭኑን ጠርዝ ወደ መስኮቱ ሲያነሳው ብርሃን እንደ ቢራ ጠርሙስ ቡናማ ሆኖ አለፈበት። ባልጩት ነበር። ልጁ ፊቱ ሲጠቁር አይቼ፣ ባልጩት ማለት እሳተ ገሞራ ተፍቶት ቶሎ የቀዘቀዘ መስታወት እንደሆነ፣ አያቶቻችን ቢላዋ እንደሠሩበት፣ ዛሬም በደቡብ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እንደሚጠቀሙበት ነገርኩት። ድንጋዩን መልሶ በጋዜጣው ጠቅልሎ ወሰደው።

እኛ ያለንበት ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ የምታገኙት ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ የመሆን ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው። ሜትዮራይት ለመጠኑ ከጠበቃችሁት በላይ ይከብዳል። አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ይስባል፤ ሆኖም ማግኔት የሚስበው ተራ ድንጋይም ስላለ በዚህ ብቻ አትወስኑ። አዲስ የወደቀ ከሆነ ላዩ በቀጭኑ የተቃጠለ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ልባስ አለው፤ ሊጥ በአውራ ጣት የተጫኑት የሚመስል ስርጉድም ሊኖረው ይችላል። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ግን ተዉት፤ ለግንባታ ከሚጫነው የገሞራ ድንጋይ አንዱ ነው። ከጠረጠራችሁ ሳትሰብሩና ሳታጥቡ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ላለው ዩኒቨርሲቲ አሳዩት።

ጎረቤታችን ሱዳን የገጠማትን ልጨምር። ጥቅምት 7 ቀን 2008 ሊነጋጋ ሲል፣ 4 ሜትር የምትሆን "2008 ቲሲ3" የተባለች አስትሮይድ ኑቢያ በረሃ ላይ ፈነዳች። ከመውደቋ 20 ሰዓት ያህል አስቀድሞ ጠፈር ላይ ታይታ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን በታሪክ የመጀመሪያው ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በረሃውን ተሰልፈው በእግር አሰሱና በመቶዎች የሚቆጠሩ ስባሪዎች ለቀሙ። ጠፈር ላይ የታየ አስትሮይድ በእጅ ሲዳሰስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከአስትሮይድ የመጣው አፈር ምን አሳየ?

ጃፓኖች ከኢቶካዋና ከርዩጉ፣ አሜሪካኖች ደግሞ ከቤኑ አፈር አምጥተዋል። የቤኑው በመስከረም 2023 የደረሰ 121.6 ግራም ነው። ቤኑ 500 ሜትር ገደማ ስትሆን አንድ ወጥ ዓለት አይደለችም፤ ላላ ብሎ የተከመረ ጠጠር ናት። መንኮራኩሯ ክንዷን ስታሳርፍ እንደ እህል ክምር ሰመጠላት። አፈሩ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከሚጠቀሙባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኝተዋል። ይህ ማለት ሕይወት ተገኘ ማለት አይደለም፤ ጥሬ ዕቃው እዚያም ነበረ ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጨዉ ነው። ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፋችሁ፣ ላንጋኖ ሳትደርሱ በግራ በኩል አብያታ አለ። ውኃው እየሸሸ ዳርቻው ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ ሶዳ አሽ ሲመረት የኖረውም ከዚሁ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ሲደርቅ ከሚተዋቸው ጨዎች አንዱ ትሮና ይባላል። በ2025 መጀመሪያ ተመራማሪዎች ቤኑ ውስጥ ያገኙት አንዱ ማዕድን ይኸው ትሮና ነው። ቤኑ የተሰበረችበት ትልቅ አካል ውስጥ በአንድ ወቅት ጨዋማ ውኃ ነበረ፣ ደረቀ፣ ጨዉን ተወ ማለት ነው። አሁን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ወደ ግራ አዞራለሁ።

ወርቅ የለባቸውም?

ብረት በበዛባቸው ላይ የከበሩ ማዕድናት ይኖራሉ። ነገር ግን ያን 121.6 ግራም አፈር ለማምጣት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ለጊዜው ንግድ አይደለም።

መሬትን ይመታሉ? በስልኬ የሚመጣው ዜና ያስፈራኛል።

መትተው ያውቃሉ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት 10 ኪሎ ሜትር የሚሆን አስትሮይድ ሜክሲኮ ዩካታን ላይ ወድቆ ዳይኖሰሮችን አጥፍቷል። በ1908 ሳይቤሪያ ውስጥ ቱንጉስካ ላይ አንዱ አየር ላይ ፈንድቶ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን አስተኛ። በየካቲት 2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ያህል የሚሆን ፈንድቶ 1,500 ገደማ ሰዎች ቆሰሉ፤ አብዛኞቹን ያቆሰለው መስታወት ነው። ብርሃኑን አይተው ወደ መስኮት ሲሮጡ የፍንዳታው ንፋስ ዘግይቶ ደረሰ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ያዙ፤ ከሰማይ ዓይን የሚያጨልም ብልጭታ ካያችሁ ከመስታወት ራቁ፣ ልጆችንም አርቁ።

ትልልቆቹን በተመለከተ ልባችሁ ይረፍ። በመሬት አቅራቢያ ከሚያልፉት ውስጥ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑት ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ ተገኝተዋል፤ በሚቀጥሉት መቶ ዓመታት መሬትን ይመታል የተባለ ከነዚህ ውስጥ የለም። ገና ብዙ ፍለጋ የሚቀረው ከ140 ሜትር ጀምሮ ባሉት መካከለኞች ላይ ነው።

በ2025 መጀመሪያ "2024 ዋይአር4" የተባለው በ2032 የመምታት ዕድሉ 3 በመቶ ደረሰ ተብሎ ሰው ሲደነግጥ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ወደ ዜሮ ተጠጋ። "ዋሹን ማለት ነው?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። አልዋሹም። ቁልፍ ጠፋባችሁ እንበል፤ ከቤታችሁ አምስት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሳሎን የመሆን ዕድሉ ከአምስት አንድ ነው። ሦስቱን ክፍል ፈትሻችሁ ስታጡት የሳሎኑ ዕድል ግማሽ ይሆናል። ቁልፉ ግን ንቅንቅ አላለም፤ የቀነሰው የምትፈትሹት ቦታ ነው። አራተኛው ክፍል ውስጥ ስታገኙት የሳሎኑ ዕድል ዜሮ ይሆናል። የአስትሮይድ ስሌትም እንዲሁ ነው፤ ልኬት በተጨመረ ቁጥር ዕድሉ መጀመሪያ ከፍ ብሎ በኋላ መውረዱ የተለመደ ነው።

ቢመጣስ ማስቆም ይቻላል?

ቀድሞ ከታወቀ ገፋ ማድረግ ይቻላል፤ ተሞክሯልም። በ2015 ዓ.ም. ደመራው በተለኮሰበት ሌሊት 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ግማሽ ቶን ገደማ የምትመዝን ዳርት የተባለች መንኮራኩር 160 ሜትር የምትሰፋውን ዲሞርፎስ የተባለች አስትሮይድ ሆን ብላ መታቻት። ዲሞርፎስ ትልቅ ወንድሟ የሆነውን ሌላ አስትሮይድ አንዴ ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅባት ነበር፤ ከዚያ በኋላ 11 ሰዓት ከ23 ሆነ። የሰው ልጅ የሰማይ አካልን መንገድ ሲቀይር የመጀመሪያው ነው። ዋናው ነገር ጊዜ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተደረገ ትንሽ ግፊት ብዙ ያርቃል፤ በመጨረሻው ሳምንት ግን ምንም አያዋጣም።

እዚህ ሀዋሳ ሆኜ ላያቸው እችላለሁ?

ቬስታ ወደ መሬት በምትቀርብባቸው ወራት በተራ ባይኖኩላር ትታያለች፤ የኮከብ ካርታ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ቦታዋን ይነግራችኋል። ዛሬ ያየኋት "ኮከብ" በሦስተኛው ቀን ፈቀቅ ካለች እሷ ናት። ፒያትሲ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ያለ ምንም መሣሪያ ከሆነ በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ውጡ። ጀሚኒድስ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው፤ ምንጩም ጅራታም ኮከብ ሳይሆን ፌይተን የተባለ አስትሮይድ የተወው አቧራ ነው። ከሐይቁ ዳር መብራት ራቅ በሉ፤ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ታገሡ።

ትልቁ ቀን ግን ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው። ዓርብ ነው፤ ፋሲካ የዋለበት ሳምንት። አፖፊስ የተባለ ከ300 ሜትር በላይ የሆነ አስትሮይድ ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያልፋል። ዲሻችን የሚያያቸው ሳተላይቶች ያሉት ከዚያ በላይ ነው። አይመታንም፤ ይህ በልኬት የተረጋገጠ ነው። አፍሪካ፣ አውሮፓና ምዕራብ እስያ ላይ ያለ ሰው በባዶ ዓይኑ፣ በኮከቦች መካከል ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነጥብ ያየዋል። በጣም የሚቀርበው በኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከመሸ ጀምሮ ውጭ ሆኖ መጠበቅ ይሻላል። ጨረቃም አትኖርም። እኔን የሚያሳስበኝ የበልግ ደመና ብቻ ነው።